ሃይ ያልኩት ለውሻው ነው

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣ ለብልጭታዬ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ዐይኔም ደህና ነው። ደጋግመሽ ስለ ዐይኔ አትጠይቂኝ፤ የብየዳ ሰው ዐይን ያብጣል፣ ያለቅሳል፣ ይድናል። ይህን የሚጽፍልኝ እንደ ወትሮው ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ መቀስ ነው። ደንበኛውን ወንበር ላይ ትቶ ነው የሚጽፈው፤ ግማሽ ራሱ የተላጨ ሰው አጠገባችን ቁጭ ብሎ ጆሮውን አቁሟል። ስለዚህ ዛሬ የቤት ገመና አልናገርም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልውቀስሽ። ያለፈው ደብዳቤሽ ሲጀምር "ቅጠሎቹ መቅላት ጀምረዋል፣ ንፋሱም ቀዝቀዝ ብሏል" ይላል። የሌላ ሰው ደብዳቤ የከፈትን መስሎኝ መቀስን "ፖስታውን እስቲ እየው" አልኩት። ልጅ ለአባቷ ስትጽፍ እንደምን አለህ ትላለች እንጂ የቅጠል ወሬ ታወራለች? የጃፓን ሰው ደብዳቤውን በአየሩ ጠባይ ነው የሚጀምረው፣ እኔም የማጠናው ይህንኑ የድሮ ደብዳቤ አጻጻፋቸውን ነው ብለሽኛል፤ አልረሳሁም። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ለሰው እንዴት ሰላምታ እንደሚሰጥ ማጥናት! እኔ ዘንድ ብትመጪ በአንድ ከሰዓት አስተምሬሽ እሸኝሽ ነበር።

መደርደሪያዎቹ ምን ደረሱ ላልሽው፣ አልቀዋል። ከረባት፣ ያ አብሮሽ ተምሮ አሁን የጃፓንኛ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የሆነው፣ እዚህ ድረስ መጥቶ "ጋሼ፣ መጻሕፍቱ ከድርጅቱ ተጭነው መጥተው መሬት ላይ ወድቀዋል" ብሎ ለመነኝ። ድርጅቱ ያው አንቺን ጃፓን ወስዶ የሚያስተምርሽ መሆኑን አውቃለሁ። በየአገሩ ዩኒቨርሲቲ ጃፓንኛ የሚያስተምሩትን ይረዳል፤ መጽሐፍ ይልካል፣ እንዳንቺ ያለውን ወስዶ ያስተምርና ተመልሰሽ አስተምሪ ይላል። ደግ ነው። እነሱ መጽሐፍ ከሰጡ እኔ መደርደሪያ ብሰጥ ምን ይለኛል ብዬ በነጻ ሠራሁላቸው። ቱቦላሬና ላሜራ ነው፤ ዝሆን ቢወጣበት አይጎብጥም።

በሩ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ክፍሉ ያ ድሮ ዕቃ ቤት የነበረው፣ ከብየዳ ቤቴ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ያለው ነው። ከረባት "መጻሕፍቱ ውድ ናቸው፣ ሌባ ያሰጋኛል" ሲለኝ ወደ መንገዱ የሚያወጣውን በር ሙሉ በሙሉ በብረት ሠራሁት፤ ከውጭ በኩል እጀታም የቁልፍ ቀዳዳም ነፈግሁት። አስተማሪና ተማሪ ውስጥ ለውስጥ በከረባት ቢሮ ይገባሉ። ከመንገድ የመጣ ግን ውስጥ ያለው ሰው መቀርቀሪያውን ካልሳበለት ንጉሥም ቢሆን ቆሞ ይቀራል። ከረባት "ሰው አያስቸግርም ወይ?" አለኝ። "በር የተፈጠረው ለማስቸገር ነው፤ የማያስቸግር ከፈለግህ መጋረጃ ስቀል" አልኩት።

በሚቀጥለው ወር ከድርጅቱ አንድ ትልቅ ሰው ሊያይ ይመጣል አሉ። እርዳታው ይቀጥል ወይም ይቁም የሚለው በሱ እጅ ነው። ከረባት ብቻውን እያስተማረ ሊሞት ነው፤ ባየኝ ቁጥር "ልጅዎ መቼ ነው የምትመለሰው?" ይለኛል። እኔም ላንቺ አስተላልፋለሁ፣ መቼ ነው? ባለፈው ጠይቄሽ ስለ ቅጠል መለስሽልኝ።

ስትሄጂ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያስተማርሽኝን ሁለት ቃል እስካሁን ይዣቸዋለሁ። ለውሻዬ ለዳኛ እነግረዋለሁ፤ ጅራቱን ይቆላል። ከከረባት ተማሪዎች እሱ ሳይሻል አይቀርም።

አባትሽ። አሻራዬ ይኸው፤ ቅባቱን አትቆጪ፣ ከሥራ ተነስቼ ነው።


ኅዳር 25 ቀን

ይድረስ ለብልጭታዬ፤

እንደምን ከረምሽ? ምነው እንዲህ በላይ በላዩ? አንዱን ደብዳቤ ሳላስነብብ ሌላው ይደርሳል። መቀስ "ልጅቷን ምን ነካት?" ይለኛል። እንግዳው መጣ፣ አየ፣ ሄደ። ማንም አልሞተም።

እንዴት ነበር ላልሽው እነግርሻለሁ። ትንሽ ሰው ነው፤ ፀጉሩ ነጭ፣ ጫማው መልክ የሚያሳይ። ክፍሉ ደጃፍ ሲደርስ ያን የመሰለ ጫማ አውልቆ በካልሲ ሲሚንቶው ላይ ቆመ። የካልሲው አውራ ጣት ተቀዷል። ወደድኩት። መደርደሪያውን ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ አዳመጠው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ እስከ ወገቡ ጎንበስ አለ። እኔ ለማንም ጎንበስ እንደማልል ታውቂያለሽ፤ ግን ነጭ ፀጉር ይዞ ጎንበስ ያለን ሰው ቀጥ ብዬ ላየው አልሆነልኝም። መዶሻዬን ጣልኩና ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። እሱ ሰላምታ የመለስኩለት መስሎት ደገመ። እኔም መዶሻውን ደግሜ ጣልኩ። ከረባት ላብ አጠመቀው።

ቀጥሎ ወደ ብየዳ ቤት ተሻገርንና ከረባት እያስተረጎመ አንድ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስላንቺም። በመሃል ዳኛ ዘሎ ሱሪውን ጫፉን ያዘበት። ተናደድኩና "ሃይ! ሃይ!" ብዬ ጮህኩበት፤ ለቀቀው። እንግዳው ፈገግ አለ፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየና ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ምን እንደጠየቀህ ቃል በቃል ንገረኝ ላልሽው፣ እኔ ልቅም አድርጌ የምይዘው የብረት ልክ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ያ ሰው ስላንቺ ሲናገር፣ እኔ ብዬው የማላውቀውን እኔ እንዳልኩ አድርጎ ተናገረ። መቀስ "ይህን ልተወው?" ይለኛል። ጻፍ! ይህን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።

አባትሽ። አሻራዬ ይኸው።


ጥር 6 ቀን

ይድረስ ለአባዬ፤

በረዶው ከትናንት ጀምሮ አላቋረጠም፤ ከቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ሲያዩት ከተማው ድምፁን የዋጠ ይመስላል። ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እንደምን አለህ አባዬ? ዐይንህስ?

ድርጅቱ ጠርቶኝ ነበር። አንተ ዘንድ የመጣው ሰውም ነበረ። በጣም በትሕትና አናገሩኝ፤ እዚህ ትሕትናው ሲበዛ ነው መፍራት።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልንገርህ። ትምህርቴን እንድጨርስ ሁለት ዓመት ይጨመርልኝ ብዬ ስጠይቅ፣ ማመልከቻው ላይ "አባቴ ብቻውን ነው፤ ግን ፈቅዶልኛል" ብዬ ጽፌያለሁ። አልጠየቅኩህም። እንደምትፈቅድልኝ ልቤ ነግሮኝ ነው። ይቅር በለኝ። እንግዳው ግን አንተኑ ጠየቀህ፦ "ልጅዎ ፈቅደውልኛል ትላለች፤ እርስዎ አሁኑኑ ተመልሳ እንድታስተምር ይፈልጋሉ ወይ?" አንተም ሁለት ጊዜ "ሃይ፣ ሃይ" አልክ። አባዬ፣ በነሱ ቋንቋ ሃይ ማለት አዎ ማለት ነው። አንተ ይህን ከየት ታውቃለህ? አንተ ውሻውን ስትቆጣ እሱ የአባት ቃል አድርጎ ይዞት ሄደ። አሁን በነሱ ዘንድ እኔ በአባቴ ስም የዋሸሁ ሰው ነኝ።

ሁለት ዓመቱ ካልተጨመረልኝ ዶክትሬት የለም። የማነባቸው የድሮ ደብዳቤዎች ከዚህ ቤተ መጻሕፍት አይወጡም፤ ግማሽ ሥራ ተሸክሜ ነው የምመለሰው፣ ቦታዬም ለሌላ ይሰጣል። ስለ ትምህርት ክፍሉ አታስብ፤ እኔ እስክመለስ ለሁለት ዓመት ሌላ አስተማሪ ለመላክ፣ እርዳታውንም ላለማቋረጥ ተስማምተዋል። የጎደለው ያንተ ቃል ብቻ ነው።

አንድ መንገድ አለ። "ሃይ ያልኩት ለውሻው ነው፤ ለእንግዳው ጥያቄ የሰጠሁት መልስ አይደለም፤ ልጄ ትምህርቷን ትጨርስ" የሚል አጭር ወረቀት በአሻራህ ላክልኝ። ከረባት ተርጉሞ ማኅተም ያደርግበታል። እስከ የካቲት መጨረሻ ይጠብቁኛል።

በየደብዳቤው ግርጌ አሻራህን ታደርግልኛለህ አባዬ። አንዴ ብቻ እዚያ ወረቀት ላይ አድርግልኝ።

ልጅህ


የካቲት 2 ቀን

ይድረስ ለብልጭታዬ፤

እንደምን አለሽ? በረዶው እንደማይጎዳሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤሽን መቀስ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ዛሬ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሰው የለም፤ ደንበኞቹን አስወጥቻቸዋለሁ። አንዱ ጢሙ ላይ አረፋ እንዳለ ነው የወጣው።

ሃይ ያልኩት ለውሻው ነው። ይህን ላንቺ እናገራለሁ፣ ለመቀስም እናገራለሁ። ወረቀት ላይ ግን አሻራዬን አላሳርፍም።

ለምን ብትይ፣ እኔን ሳትጠይቂ "አባቴ ፈቅዷል" ብለሽ ጻፍሽ። አሁን ደግሞ "አባቴ የሚናገረውን አያውቅም" ተብሎ ይጻፍልኝ? ያን ጊዜ አፌን ወሰድሽ፤ አሁን ጣቴን ትፈልጊያለሽ። ነገ ደግሞ ራሴን ትጠይቂኛለሽ። ያ ነጭ ፀጉር እጄን በሁለት እጁ ይዞ ነው የሄደው። "ሽማግሌው ከውሻ ጋር ነበር የሚነጋገረው" ብዬ ልላክበት? እኔ በር ገጥሜ ተሳስቻለሁ ብዬ የነቀልኩበት ቀን የለም። በሩ ጠሞ ከታየ ግድግዳው ነው የጠመመው።

መቀስ እስክሪብቶውን አስቀምጦ "ጋሼ፣ እባክዎ፣ የልጅ ነገር ነው፣ አንዲት ልጅ" አለኝ። "አንተ ፀጉር ቁረጥ፤ ነገር እኔ እቆርጣለሁ። ጻፍ" አልኩት። ይኸው ይጽፋል፤ እጁ ግን ከፍቷል፣ ፊደሉ ካስቀየመሽ የሱ ነው።

ከረባትም መጥቶ ነበር። ወረቀቱን አዘጋጅቶ፣ የአሻራውን ቀለም ሳይቀር በኪሱ ይዞ። "እዚህች ጋ ብቻ ይንኩልኝ ጋሼ" ይላል፣ ክትባት እንደሚሰጥ ሰው። አውራ ጣቴን አሳየሁትና "በብየዳ ተቃጥሎ መስመሩ ጠፍቷል፣ አይወጣም" አልኩት። ወረቀቱን አጣጥፎ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ሄደ። ለሱ የዋሸሁትን ላንቺ አልዋሽም። መስመሩ እንዳለ ነው።

አባትሽ። አሻራዬ ይኸው፤ ጥርት ብሎ ወጥቷል።


የካቲት 29 ቀን

ይድረስ ለብልጭታዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ቀለሙ እዚህም እዚያም ፈስሶ መቀስ ማንበብ አቃተው፤ ስታለቅሺ ወረቀቱን ራቅ አድርጊው። ካነበበው ገባኝ። እናትሽ በሕይወት ብትኖር ታስፈርምህ ነበር ላልሽው፣ እውነትሽን ነው፤ ታስፈርመኝ ነበር። ግን የለችም። እኔን ብቻ ነው ያገኘሽው።

ቀጠሮው ዛሬ ወይ ነገ ያበቃል ብለሻል። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ አልፏል። እንግዲህ አርፈን ስለ ሌላ እናውራ።

አልጋ ሠርቼልሻለሁ። ከመደርደሪያው በተረፈው ቱቦላሬ ነው። አረንጓዴ ቀባሁት፤ ልጅ ሳለሽ አረንጓዴ ትወጂ ነበር፣ አሁን የምትወጂውን አላውቅም። የክፍልሽ በር አላስገባው ስላለ በሩን ከነመቃኑ ነቅዬ አስገባሁትና መልሼ ገጠምኩ። ከእንግዲህ አይወጣም። ዳኛ ከሥሩ ተኝቷል፤ ስትመጪ አስነሳዋለሁ።

ከረባት ከዚያ ወዲህ በኔ በኩል አያልፍም፤ በታችኛው መንገድ ይዞራል። ይዙር። እግሩ ይፍታታ።

አባትሽ። አሻራዬ ይኸው።


ሚያዝያ 14 ቀን

ይድረስ ለአባቴ፤

አበባው ረግፏል፤ ጠራጊዎቹ ከመንገዱ ዳር እየሰበሰቡት ነው።

እንደምን ሰነበቱ?

ጓዜን ጠቅልያለሁ። የጻፍኩትን ለመምህሬ አስረክቤያለሁ፤ ቦታዬን የወሰደችው ልጅ ትቀጥልበታለች። ጎበዝ ናት። የትኞቹን ደብዳቤዎች ቀድማ ብታነብ እንደሚሻል አሳይቻታለሁ።

ጥር ላይ ስጽፍልዎ "አንተ ይህን ከየት ታውቃለህ?" ብዬ ነበር። ሆን ብዬ ነው። መውጫ እንዲሆንዎ ነው የተውኩልዎ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የብረት ወንበሩን ብየዳ እየዳሰሱ "ይህን የሠራ ሰው እጁ ይቆረጥ" ሲሉ፣ እንዳላለቅስ ብዬ ሁለት ቃል አስተማርኩዎ። አዎ ማለት ሃይ ነው፣ አይደለም ማለት ኢዬ ነው አልኩዎ። እርስዎም "እነዚህ ሰዎች እሺ ሲሉ ይቆጣሉ፣ እምቢ ሲሉ ያለቅሳሉ በይኛ!" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። ያንን ሳቅ ይዤ ነው እዚህ ስድስት ዓመት የኖርኩት።

ከረባት ደግሞ አንድ ነገር ጻፈልኝ። እንግዳው በመጣ ቀን ዳኛ እንዳያስቸግር መቀስ ቤት ታስሮ ነው የዋለው። ብየዳ ቤትዎ ውስጥ ውሻ አልነበረም። ይህን ሲጽፉልዎ መቀስም ያውቁ ነበር። ሰላም ይበሉልኝ።

ውሉ ስለሚያስገድደኝ እመለሳለሁ። በመደርደሪያዎችዎ መሃል አስተምራለሁ። የምኖርበት ቤት ከረባት ፈልጎልኛል። አልጋው ላይ ዳኛ ይተኛበት።

ልጅዎ


ሰኔ 3 ቀን

ይድረስ መንገድ ተሻግራ ለምትውለው ልጄ፤

እንደምን አለሽ? መምጣትሽን ከመቀስ ደንበኞች ሰማሁ። የገዛ ልጄን መምጣት ጢሙን ሊላጭ ከመጣ ሹፌር! "መምህርቷ ገብታለች አይደል? እንኳን ደስ አለዎ" አለኝ። "እንኳን አብሮ ደስ አለን" አልኩት፤ ሌላ ምን ልበል?

"እርስዎ" ያልሽው ላይ ሲደርስ መቀስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። እኔ የምጠርገው መነጽር የለኝም። እርስዎ የሚለኝ ግብር ሰብሳቢው ነው፤ እሱም ሊያስከፍለኝ ሲመጣ ነው።

አዎ፣ አውቅ ነበር። እና? አባትየውን ጠየቁ፣ አባትየው መለሰ። ጥያቄው ትመለስ ወይ ነበር፤ መልሱ ትመለስ ነው። በኛ ቋንቋ ብመልስ ከረባት እያለዘበ "ልጃቸውን ይናፍቃሉ፣ ሆኖም..." ምናምን ይልልሽ ነበር፤ አይቼዋለሁ ሲያለዝብ። በነሱ ቋንቋ ስመልስ የሚያለዝብ ሰው አልነበረም። ያ ሰው "ፈቅደዋል ብላለች" ሲለኝ ደሜ ፈላ። ስድስት ዓመት ሙሉ "መቼ ነው?" እያልኩ ስጠይቅ ቅጠልና በረዶ ስትልኪልኝ ኖርሽ፤ ለካ እኔ ዘንድ መልሱን ሳትልኪ እኔን ሆነሽ መልሰሽልኛል። ውሻውን የጨመርኩት አንቺን ላለማስከፋት ነው። ዳኛ ደግሞ ስሙ በመጥፋቱ ቅር አላለውም።

ጠዋት ጠዋት ጃንጥላ ይዘሽ በዋናው በር ስትገቢ አይሻለሁ። ወደዚህ አትዞሪም። አንገትሽ ታሞ ከሆነ ንገሪኝ።

አልጋውስ እንዴት ይሁን?

አባትሽ። አሻራዬ ይኸው። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ መቀስ ራሱ ነው፤ መንገድ ለመሻገር ቴምብር አያስፈልግም ብሏል።


ሐምሌ 5 ቀን

ለተከበሩ ጋሽ ብየዳ፤

ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ እየጣለ ነው፤ መንገዱን በሁለቱም በኩል እኩል ያረጥበዋል። በዚህ እርጥበት ጤናዎ እንደምን ነው?

ስለ አልጋው ለጠየቁት፣ ለሚያስፈልገው ሰው ቢሰጡት ደስ ይለኛል።

ድርጅቱ ለትምህርት ክፍላችን የሚሰጠውን እርዳታ አድሷል። ለእርስዎም የምስጋና ወረቀት ልኳል። "ብቸኛ ልጃቸውን ስለ ተማሪዎቹ ሲሉ ላስመለሱ አባት" ይላል። ተርጉሜው እርስዎ ከሠሩት የብረት በር በስተጀርባ ሰቅዬዋለሁ፤ ተማሪዎቹ ሲወጡ ሲገቡ ያነቡታል። ትርጉሙ ላይ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፣ አላለዘብኩም።

ብርዱ ስለሚበረታ ራስዎን ይጠብቁ።

የጃፓንኛ መምህርት


ነሐሴ 11 ቀን

ይድረስ ለብልጭታዬ፤

እንደምን አለሽ? መምህርት ነኝ ብለሽ ብትፈርሚም እኔ ብልጭታዬ ነው የምልሽ። ልጅ ሳለሽ "ብልጭታውን አትይው፣ ዐይንሽ ይጠፋል" ብዬ ፊትሽን ወደ ግድግዳ ሳዞረው በጣቶችሽ መሃል ታይው ነበር። ያንቺ ዐይን ተርፏል።

ከአገር ውጭ ሳለሽ ስለ ዐይኔ ትጠይቂኝ ነበር። አሁን አትጠይቂም፤ ስለዚህ ሳትጠይቂ ልመልስልሽ። ደህና አይደለም። ያን ጊዜም ደህና አልነበረም። ትናንት የአንዲት ሴትዮ በር ላይ ማጠፊያ ስበይድ ሁለት ጣት ያህል ወጣ ብዬ በየድኩ። ሴትዮዋ "አይ ጋሼ፣ እንዲሁ ጥሩ ነው" አለችኝ። እኔን! ሲያዝኑልኝ አውቃለሁ። ነቅዬ መለስኩላት። ተሳስቼ የገጠምኩትን ስነቅል ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ፊትሽን ከዚህ ሆኜ አላየውም። ጃንጥላሽን ብቻ ነው የማየው። ሰማያዊ ነው እላለሁ፣ መቀስ ጥቁር ነው ይላል፤ ምናልባት ሊያስደስተኝ ብሎ አንድ ቀን ሰማያዊ ይለው ይሆናል።

መቀስ በሹክሹክታ "ጋሼ፣ ይቅርታ የሚለውን ልጻፍ?" ይለኛል። አትጻፍ አልኩት። ያላልኩትን በኔ ስም መጻፍ የት እንዳደረሰን አይተናል። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ማክሰኞ ከሰዓት መጥቼ ያን የሠራሁትን የብረት በር አንኳኳለሁ። ፊትሽን በቅርብ አይቼ እመለሳለሁ፤ አልቀመጥም። ትከፍቺልኛለሽ ወይ? ረዥም አትጻፊ። ስለ ዝናብ አትጻፊ። አንድ ቃል መልሺልኝ።

አባትሽ። አሻራዬ ይኸው፤ ቦታውን ከሳትኩ መቀስ ስላላሳየኝ ነው።


ነሐሴ 13 ቀን

ሃይ።


ነሐሴ 20 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን አለሽ? ቃልሽ ደርሶኛል። መቀስ ፖስታውን ቀዶ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አቀረበው። "አንብብ እንጂ" ስለው "ሃይ" አለኝ። "ማንን ነው አንተ ሃይ የምትለው?" ብዬ ተነሳሁበት። "ጋሼ፣ የተጻፈው ነው" አለ። ወረቀቱን ገለበጥነው፤ ጀርባው ባዶ ነው። በነሱ ፊደል ጽፈሽው ቢሆን እናውቅ ነበር። በኛው ፊደል ነው የጻፍሽው።

ወንበሩ ላይ የነበረው ሰው "አዎ ማለቷ ነው፤ የጃፓንኛ መምህርት አይደለች?" አለ። ተራ የሚጠብቀው ደግሞ "ለአባቷ አይደል የጻፈችው? ሃይ ማለት ሃይ ነው፤ አይምጡ ማለቷ ነው" አለ። ሊጣሉ ደረሱ። መቀስ ሁለቱንም ትቶ ምላጩን ይስል ጀመር።

ማክሰኞ ታጥቤ፣ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ዳኛን መቀስ ቤት አሰርኩት። አጣሪ ብትልኪ እዚያው ያገኘዋል፤ እውነት አሰርኩት።

በሩ ጋ ስደርስ የክረምት ተማሪዎችሽን እያስተማርሽ ነበር። ድምፅሽ ይሰማል። አንቺ በነሱ ቋንቋ አንድ ነገር ትያለሽ፣ ተማሪዎቹ ባንድ አፍ "ሃይ!" ይላሉ። አንኳኳሁ። "ሃይ!" አሉ። ጠብቄ ደግሜ አንኳኳሁ። "ሃይ!" አሉ። መንገድ አላፊው ቆሞ ያየኝ ጀመር። ላንቺ እንደሚመልሱ አውቃለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። ግን ክፍል ሙሉ ሰው ባንድ ጊዜ ሃይ የሚለው ሰው እጁ ራሱ አልታዘዝ ይለዋል።

ከዚያ ትምህርቱን አቆምሽ። እግርሽ ወደ በሩ ሲመጣ ሰማሁ። እግርሽን አውቀዋለሁ፤ ተረከዝሽን ከረገጥሽ በኋላ ነው ጣትሽ የሚያርፈው፣ እንደ እናትሽ። ቆምሽ። መቀርቀሪያው ላይ እጅሽ ሲያርፍ ብረቱ ነገረኝ፤ የኔ እጅ ሥራ ነው፣ ከኔ አይደብቅም። እኔ እዚህ፣ አንቺ እዚያ፣ መሃላችን አንድ ላሜራ። "ልጄ" አልኩ። በኋላ እግርሽ ተመለሰ፣ አንቺም አንድ ነገር አልሽ፣ እነሱም "ሃይ!" አሉ።

እጄን ሰድጄ እጀታ ፈለግሁ። የለም። የቁልፍ ቀዳዳ ፈለግሁ። የለም። ከላይ እስከ ታች ብየዳውን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት፤ አንድ ስንጥቅ፣ አንድ እብጠት የለበትም። ዐይኔ ሳይከዳኝ የሠራሁት ነው። ጥሩ በር ነው።

አባትሽ። አሻራዬን እዚህ ወረቀት ላይ አትፈልጊው። በሩ ላይ ነው፤ ከውጭ በኩል።